ግራው ፔዳል

«እጅሽን ለምን አስገባሽ?»

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ጠይቆኛል። እናቴ ጠይቃኛለች። የክሊኒኩ ሐኪም ፋሻ እየጠቀለለልኝ፣ የባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ እያየኝ ጠይቀውኛል። አንዲት ጎረቤታችን ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ገና ከመቀመጣቸው፣ «ውይ ልጄን! ግን ምን ነክቶሽ ነው እጅሽን እዚያ ውስጥ የከተትሽው?» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ብርቱካኑን ተቀበልኩ። እኔም ራሴን ስጠይቅ የምውለው ይህንኑ ነበር።

መሠረት እባላለሁ፤ የሚያውቁኝ መሲ ይሉኛል። የምኖረው ጎሮ ነው። ነገር ቶሎ የሚከነክነኝ፣ ከተቆጣሁም ቶሎ የማይበርድልኝ ሰው ነኝና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምቆጣበት ቦታ ካለ ከአሁኑ ይቅርታ። የምጽፈው በማሽን ላይ ለሚሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። ብርቱካን ይዘው የተጎዳ ሰው ሊጠይቁ የሚሄዱም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከቤቴ ብዙም በማይርቅ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ፕሬስ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ኮሌታ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በውስጡ ማጠንከሪያ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ያ ጨርቅ የሚጣበቀው በሙቀት ነው። ፕሬስ የምንለው ማሽን ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ የጋለ ብረት አለው። ኮሌታውን ታችኛው ላይ ታነጥፊያለሽ፣ በእግርሽ ፔዳል ትረግጫለሽ፣ ላይኛው ብረት በአየር ግፊት ወርዶ ይጫነዋል። ሁለት ፔዳል አለ። ቀኙ ያወርዳል፣ ግራው ያነሳል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሰርግ ቤት ቁጭ ብዬ እንኳ እግሬ ከጠረጴዛ ሥር ይህንኑ ሲመታ ባለቤቴ ደረጀ ይስቅብኝ ነበር።

ከኔ ቀጥሎ ያለው ፕሬስ የዘይነባ ነው። ዘይነባ የወራቤ ልጅ ናት፤ ተረበኛ፣ ሥራ የማይከብዳት። ትዕዛዝ ሲበዛ ፋብሪካው አንድ ተጨማሪ ፕሬስ አስመጣና ለሷ ደረሳት። ሌላ ኩባንያ የሠራው ስለነበር ፔዳሎቹ ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ግራው ያወርዳል፣ ቀኙ ያነሳል። መጀመሪያ ሰሞን ዘይነባ ስትሳሳት፣ ኮሌታ ስታቃጥል፣ ስትሰደብ ከረመች። ከዚያ ከብጣሽ ጨርቅ መሃል አንድ ቀይ መርጣ በሚያነሳው ፔዳል ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። «ቀይ ያለበት ያነሳል፣ አለቀ» አለችን። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በዚያው ሄድን።

እኛ ማወቅ ያስፈለገን እርስ በርስ ስለምንተካካ ነው። አንዷ ተነስታ ማሽኗ ከቆመ ኮሌታው ይቆለላል፣ ከፊት ያሉት ሰፊዎች ሥራ ይፈታሉ፣ ጩኸት ይመጣል። ስለዚህ «ደርሼ ልምጣ» ያለችውን ጎረቤቷ ትተካላታለች። ማንም አላዘዘንም፣ የከለከለንም የለም። ዘይነባ ደግሞ አራስነቷን በቅጡ ሳትጨርስ ነው ወደ ሥራ የተመለሰችው። ልጇን ለእናቷ ትታ ትመጣለች፤ ጡቷ ሲወጥራት ሽንት ቤት ገብታ ወተቱን ጨምቃ ትመለሳለች። ያን ጊዜ የምተካት እኔ ነኝ።

አደጋው በደረሰበት ቀን ከውጭ አገር ገዢዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ ተባለ። ካይዘን የሚባል የአሠራር ዘዴ አለን፤ የማያስፈልገውን አስወግድ፣ ቦታህን አጽዳ፣ ዕቃህን በሥርዓት አስቀምጥ የሚል። ክፉ ነገር የለውም። ጠዋት ሱፐርቫይዘራችን ግርማ መቀስ ይዞ በየማሽኑ ሥር እየጎነበሰ የተንጠለጠለ ክርና የተረሳ ብጣሽ ሲለቅም አይቼዋለሁ። ቀዩን ጨርቅ ሲቆርጥ ግን አላየሁም። ዘይነባም ልብ አላለችም፤ እሷ ማሽኑን ከለመደችው ቆይታለች፣ ጨርቁን ማየት ትታለች። ጨርቁ የሚያስፈልገው ለኛ፣ ለተኪዎቹ ነበር።

ከምሳ በፊት «መሲዬ፣ ደርሼ ልምጣ» አለችኝ። ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ወደ ታች አየሁ። ቀይ የለም። ተገላቢጦሽ ነው፣ ተገላቢጦሽ ነው እያልኩ በልቤ ጀመርኩ፤ ደህና እየሄደልኝም ነበር። ያኔ ግርማ ከወዲያ ጫፍ «ደርሰዋል! እንዳይቆም! እንዳይቆም!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው አንድ ኮሌታ ላይኛው ብረት ላይ ተጣበቀ፤ ብረቱም አየር ሲያንሰው እንደሚያደርገው መሃል ላይ ቆመ። እንዲህ ሲሆን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ኮሌታውን በእጃችን እንልጣለን፣ በእግራችን ብረቱን ጨርሰን እናነሳለን። ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ብረቱን ላነሳ ግራውን ረገጥኩ።

ወረደ።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። መጻፍ የምፈልገው ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው፤ ለመናገር በጣም የከበደኝ እሱ ነውና። ብረቱ እጄ ላይ ሲያርፍ ግራ እግሬ ፔዳሉን አለቀቀም። አንሳ፣ አንሳ እያልኩ ረገጥኩት። ባቃጠለኝ ቁጥር አጥብቄ ረገጥኩት። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ በማሽኑ በስተቀኝ ነው ያለው፤ በስተቀኝ ያለው እጄ ደግሞ ብረቱ ውስጥ ነው፤ ግራው አይደርስም። አየሩን ሮጦ የዘጋው ግርማ ነው። እግሬንም ከፔዳሉ በጉልበት ያላቀቀው እሱ ነው።

ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ የተላጠውን ቆዳ አየ፣ አጸዳ፣ ቅባት ቀባ፣ በፋሻ ጠቀለለ። «ቃጠሎ ነው። ላይ ላዩን ነው፤ ይድናል» አለኝ። ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ግን እጄ ይነፋ ጀመር። ፋሻው ውስጥ አንድ ነገር እየገፋ የሚወጣ ይመስለኛል። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ የቃጠሎ ሕመም እንዲህ ነው ብለው መርፌ ወግተው፣ ፋሻው ላልቷል ብለው ደግመው አጠበቁት። እኔም ሐኪም ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀነሰልኝ። እናቴ ከደብረ ብርሃን በሌሊት መኪና መጥታ ነበርና እልል አለች። ጸበል መጠጣቷንና ስለት መሳሏን ነገረችኝ፤ እኔም እሰይ አልኩ። ሕመሙ የቀነሰው ጣቶቼ እየሞቱ ስለነበር መሆኑን ማናችንም አላወቅንም።

ያተረፈችኝ አንዲት ነርስ ናት። ፋሻ ለማስቀየር ወረፋ ይዤ የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚጮህ ድራማ አለ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ሳልጠይቃቸው የውሃዬን ክዳን ከፍተው ሰጡኝ። ነርሷ ሌላ ሰው ልትጠራ ወጥታ ከፋሻው የወጡትን የጣቶቼን ጫፎች አየች። መጥታ ነካቻቸው። ጥፍሬን ተጭና ለቀቀችው፤ ቀለሙ አልተመለሰም። «የኔ እህት፣ ሲነኩሽ ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ቅድም ድረስ ይሰማኝ ነበር።»

«ማነው እንዲህ ያሰረው?» አለች፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። ወረፋዬን ሳልጨርስ፣ ካርዴ ሳይመጣ፣ ራሷ መቀስ አምጥታ ፋሻውን ከላይ እስከ ታች ቀደደችውና አብሮኝ ለነበረው ባለቤቴ «አሁኑኑ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዳት፤ ስልክ እደውላለሁ» አለችው። ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ። ብረቱ ያቃጠለው ቆዳውን ብቻ አይደለም፤ ውስጡንም ጨፍልቆታል። የተጨፈለቀ ሥጋ ያብጣል፤ የሚያብጥበት ቦታ ሲያጣ የራሱን የደም ሥር ይዘጋል። በጊዜው ቢከፈት ኖሮ ይተርፍ የነበረ ነገር ነበር። መዳፌንና ክንዴን ቀደው ከፈቱት። ጠቋሚ ጣቴና የመሃል ጣቴ ግን አልተረፉም። ከጭኔ ቆዳ ተወስዶ እጄ ላይ ተለጠፈ።

እዚህ ላይ ለምታነቡት አንድ ነገር ልበል። ፋሻ ከታሰረ በኋላ ሕመም ከጨመረ፣ የጣት ጫፍ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ አትታገሡ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ። እኔ በሌላው ሁሉ ነገር ነዝናዛ ነኝ፤ መነዝነዝ በሚገባኝ ቀን ጨዋ ሆኜ ተገኘሁ።

የተኛሁበት ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ የሌሉት ጣቶቼ ያሙኛል። የሌለ ጣት እንዴት ያማል ብዬ ፈራሁ፤ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። በኋላ ሐኪሙን ስጠይቃቸው ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ ነርቩ ጣቱ መቆረጡን ቶሎ እንደማይቀበል ነገሩኝ። ይህንንም ተናገሩ፤ አትደብቁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። በእንቅልፌ ግራ እግሬ ፍራሹን ይረግጣል። ደረጀ አንድ ሰሞን ቻለኝ፤ ቀን የራይድ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ማታም የኔ እግር ሲደበድበው ግን ሰውየው ምን ያድርግ፣ ወለል ላይ አንጥፎ መተኛት ጀመረ። አንድ ቀን ከቀጠሮ ስንመለስ፣ መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን፣ መሪውን በመዳፉ መታና «ግን እኮ መሲ፣ እጅሽን ለምን አስገባሽ?» አለኝ። ቤት ስንገባ እናቴ ፊታችንን አይታ ወጥ ማሞቅ ጀመረች።

በዚህ መሃል የፋብሪካው ኮሚቴ የምርመራ ውጤት ደረሰኝ። ቃሉን አልረሳውም። ሠራተኛዋ ከተመደበችበት ማሽን ውጪ፣ ያለፈቃድ፣ በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት ይላል። ዘይነባ ማሽኗን ጥላ በመሄዷ ከሥራ ታግዳለች። ይህ ውጤት ከጸና ሕክምናዬ በራሴ ይሆናል፣ ዘይነባም ትባረራለች። እውነቱን ለመናገር ግን እኔን ያንገበገበኝ እሱ አልነበረም። ወረቀቱን ሳነበው በልቤ ልክ ናቸው አልኩ። ፔዳሉን የረገጥኩት እኔ ነኝ። እየጮህኩ፣ እየተቃጠልኩ፣ አጥብቄ የረገጥኩት እኔው ነኝ። እጄን የበላሁት በገዛ እግሬ ነው ብዬ አመንኩ። ለምን እንደምበላ፣ ለምን እንደምታጠብ ጠፋኝ። እናቴ ጸጉሬን እያበጠረችልኝ ስታለቅስ እንባዋ አንገቴ ላይ ሲያርፍ እንኳ አልዞርኩም።

ወይዘሮ ገነት የመጡት ያኔ ነው። የፋብሪካው መድን ሰጪ የላካቸው ባለሙያ ናቸው። ድሮ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ላይ ሠርተዋል አሉ። ሥራቸው ሰው ከመሣሪያ ጋር ሲሠራ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚለምድ፣ የት እንደሚሳሳት ማጥናት ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ አላቸው፤ እኔ ግን ፊዚዮቴራፒ ልሠራ ወረፋ የምጠብቅበት አግዳሚ ላይ ነው መጥተው አጠገቤ የተቀመጡት። ጠፍጣፋ ጫማ አድርገዋል፣ ቦርሳቸው ውስጥ ሜትር አለ። እኔ ኮስተር ብዬ ጠበቅኳቸው።

«እርስዎም እጅሽን ለምን አስገባሽ ሊሉኝ ነው?»

«አዎ» አሉኝ። ልነሳ ምንም አልቀረኝም። «ግን እንደሌላው ሰው አይደለም። ማንም ሰው እጁን የሚያስገባው ደህና ነው ብሎ ሲያስብ ነው። አንቺን ደህና ነው ያስባለሽን ንገሪኝ። ከጠዋቱ ጀምሪልኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ጎብኚዎቹ፣ ስለ ግርማ መቀስ፣ ስለ ዘይነባ ወተት፣ መሃል ላይ ስለሚቆመው ብረት። አላቋረጡኝም። ቀዩን ጨርቅ ስናገር ብቻ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ጨርቁ የታሰረው የት ላይ ነው?»

«በሚያነሳው ላይ ነዋ። በቀኙ።»

«ያን ቀን ነበር?»

«አልነበረም።»

«ይህን ለኮሚቴው ነግረሻል?»

አልነገርኩም። የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ጨርቅ ምን ቁም ነገር አለው ብዬ ረስቼዋለሁ። ወይዘሮ ገነት «ፋብሪካው ሄደን ማሽኑን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» አሉኝ። አልችልም አልኩ። ቤት ገብቼም አልችልም አልኩ። ኋላ ግን እናቴ፣ «ልጄ፣ ሴትዮዋ ሳይሰለቻት የምታዳምጥሽ ከሆነ ሂጂ፤ እኛ እንደሆንን አላዳመጥንሽም» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ትላለች ብዬ አልጠብቅም ነበር።

ሄድን። ደረጀ በሩ ድረስ አድርሶኝ መኪና ውስጥ ጠበቀኝ። ወይዘሮ ገነት ማሽኑ እንዲቀዘቅዝ፣ መብራቱም አየሩም እንዲቆረጥ አስደርገዋል፤ እሳቸው ራሳቸው አየሩ የሚገባበትን ቱቦ ነቅለው አሳዩኝ። ዘይነባንም አስጠርተዋታል። ከአደጋው በኋላ የተያየነው ያኔ ነው። እጄን አየች፣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ «ወላሂ መሲ፣ ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ» አለች። አቅፌያት ቆየሁ።

ወይዘሮ ገነት ከማሽኑ ፊት አቆሙኝ። ምሳ የት እንደምንበላ፣ ከዘይነባ ጋር ምን እንደምናወራ ይጠይቁኛል። ሰፊ ሳቅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ እየሳቅኩ ስመልስላቸው ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና «አንሺው!» ብለው ጮኹ።

ግራ እግሬ ግራውን ረገጠ።

ልብ በሉ፤ እኔ ግራው እንደሚያወርድ አውቃለሁ። በዓለም ላይ እንደኔ የሚያውቀው ሰው የለም። ስንት ሌሊት ያንን ፔዳል ብቻ ሳስብ አድሬያለሁ። እግሬ ግን አልጠየቀኝም። ወደ ታች አየሁት፤ ጫማዬ ፔዳሉ ላይ ነው፣ አጥብቆ ይረግጣል። ያኔ ከአደጋው ወዲህ ያልመጣልኝ ለቅሶ መጣ። የሐዘን ብቻ አልነበረም። እየተቃጠልኩ የረገጥኩት ራሴን ልጎዳ ሳይሆን ራሴን ላድን እንደነበር በዓይኔ አየሁት።

ግርማ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሱፐርቫይዘር ከመሆኑ በፊት እሱም የኛ ዓይነት ፕሬስ ላይ ነው የሠራው። ወይዘሮ ገነት «ና እስቲ አንተም» አሉት። ቆመ። ስለ ኳስ ጠየቁት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ እሱ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፣ አይቷል። «አንሳው!» አሉ። ግራውን ረገጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጨርቁን የቆረጠው እሱ ነው» አልኩ። ጣቴን ልቀስርበት ቀኝ እጄን አነሳሁ፤ የምቀስረው ጣት ግን የለኝም።

ግርማ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ቆርጫለሁ» አለ። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

ወይዘሮ ገነት ወደ እኔ ዞሩ። «ጨርቁ ምን እንደሆነ ለሱ የነገረው ሰው አለ?» አሉኝ። አልነበረም። ከሱፐርቫይዘር ፊት እንተካካለን ብለን አንናገርም፤ ስለዚህ ስለ ጨርቁም አንናገርም። ይህን ስመልስላቸው ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። አንድ ጥፋተኛ እንዲሰጡኝ ነበር የምፈልገው። ያን ያህል የጠበቅኩት ለዚያ ነበር።

ሪፖርቱ ሲወጣ ቢሯቸው ጠርተው አነበቡልኝ። የማንም ስም የለበትም። ፔዳሎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ ይላል። ማቆሚያው በሁለቱም በኩል ይደረግ ይላል። ሴቶቹ መተካካታቸው ሥራው የግድ ያመጣው ነገር ነው፤ አትከልክሏቸው፣ በማሽኖቹ ላይ አሠልጥናችሁ ተኪ መድቡላቸው ይላል። «የግርማስ ስም?» አልኳቸው።

«የግርማን ስም ብጽፈው ግርማን ያባርራሉ። ከዚያ ፋይሉን ይዘጉና ፔዳሉ እዚያው ይቀመጣል» አሉኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ያንቺም ስም የለም። እሱን አላየሽም?»

እስኪሉኝ ድረስ አላየሁም ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ፤ እስከ ጎሮ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ሄድኩ። ማታ ለደረጀ ስለ እግሬ ነገርኩት፣ ግርማም ግራውን እንደረገጠ ነገርኩት። «ይቅር በይኝ» አለኝ። ፍራሹን ግን ያን ቀን ወደ አልጋው አልመለሰም፤ እግሬ ገና ይረግጣል።

ኮሚቴው የመጀመሪያውን ውጤት ሻረ። ሕክምናዬን ቻሉ፣ ዘይነባም ተመለሰች። መልካሙ ይህ ነው። ዘይነባ ታግዳ ቤት በከረመችበት ጊዜ ግን ሐሳቡ ወተቷን አድርቆት ነበር፤ ልጇ የቆርቆሮ ወተት ለመደ። ስለ መተካካት ደግሞ ፋብሪካው ከሪፖርቱ መተካካት የሚለውን ቃል ብቻ ያነበበ ይመስል፣ ያለ ፈቃድ መተካካት በጥብቅ የተከለከለ ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ፔዳሉስ? ዕቃው ከውጭ ታዟል ተባለ።

እኔ ፊዚዮቴራፒዬን ቀጠልኩ። የሚያሠራኝ ልጅ የጨርቅ ቁራጭ ይሰጠኛል፤ ቋጠሮ ማሰርና መፍታት። አውራ ጣቴ ጠቋሚ ጣቴን ፈልጎ ያጣዋል፤ በቀለበት ጣቴ መቆንጠጥ ነው መማር ያለብኝ። ቀላል ይመስላል። በንዴት ጨርቁን ወርውሬው አውቃለሁ፣ ልጁም አንስቶ መልሶ ይሰጠኛል። በመጨረሻ ላላ ያለ ቋጠሮ ማሰር ቻልኩ፤ ማጥበቅ ግን አልቻልኩም። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ ብዙም እንዳልጠብቅ ነገሩኝ።

ፋብሪካው ሌላ ሥራ ሰጠኝ፤ ሸሚዝ ላይ የሚሰፋ የኩባንያ ምልክት መደርደር፣ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ። በተመለስኩበት ቀን በቀጥታ የሄድኩት ወደ ዘይነባ ማሽን ነው። እሷ በቦታዋ የለችም፤ ማስታወቂያው ቢለጠፍም ተነስታለች፣ አንዲት አዲስ ልጅ ተክታታለች። ወደ ታች አየሁ። የሚያነሳውን ፔዳል ቢጫ ቀብተውት ነበር፤ ጫማ ሲመላለስበት ቀለሙ ተፍቆ ጥቂት ጠርዙ ላይ ቀርቷል። ፔዳሎቹ እንደነበሩ ናቸው፤ ግራው ያወርዳል።

«ማሽኑን አቁሚልኝ፣ እህቴ» አልኳት። ብጣሽ ከተከመረበት አንድ ቀይ ፈልጌ ተንበረከክሁ። ጨርቁን በቀኙ ፔዳል ዙሪያ አሳለፍኩት፣ በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ ቆንጥጬ አሰርኩት። ላላ። ፈትቼ ደግሜ አሰርኩት፤ ላላ። ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ ጫማ ቆሞ አየሁ፤ ቀና ስል ግርማ ነው። መቀሱ ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ጣቱን ቋጠሮው ላይ አድርጎ ተጫነልኝ።

«እሰሪው» አለኝ።

አጥብቄ አሰርኩት።